ከመሪ ወደ ወለል የወረደው ማርሽ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ክንፈሚካኤልን የማያውቅ ሾፌር የለም። ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ሁሉም ያማርረዋል። የሚያመሰግኑት እጁን ነው፤ የሚያማርሩት አፉን። ፍሬን ሊያስጠብቅ የመጣ ሰው፣ ፍሬኑን መጀመሪያ ማን እንደሠራለት፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ አጥብቆ እንደሚረግጠው፣ ሲረግጥም ምን ምን እንደሚሸተው ሳይጠየቅ አይወጣም። «ወንድሜ፣ መኪና ላሠራ ነው የመጣሁ፤ ንስሐ ልገባ አይደለም!» ብሎ የጮኸበት የጭነት ሾፌር ነበር። ክንፌ ቅር አላለውም። ሰውዬው ንስሐ ቢገባ ኖሮ የሽታው ምክንያት ቶሎ ይገኝ ነበር አለ አሉ።

ይህ አመል ዛሬ የመጣ አይደለም። ልጅ ሳለ ድቁና እንዲማር መሪጌታ ዘንድ ሰደዱት። ዜማው ገባው፣ ድምፁም አያሳፍርም ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን የደብሩ ደወል ከሩቅ ሲሰማ ለምን እንደሚቀጥን ለማወቅ ብሎ ደወሉን ሊፈታ ሲታገል ተያዘ። መሪጌታ አልገረፉትም። «አንተን እግዜር የፈጠረህ ለብረት ነው፤ ሂድ፣ በሰላም ሂድ» ብለው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ለጋራዥ ሲል ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ በቡሬ መውጫ በኩል የራሱን ከፍቷል። ሚስት ግን አላገባም። ጎረቤቶቹ «የማን ልጅ ናት ይሄን ሁሉ ጥያቄ የምትችል!» እያሉ ይስቁበታል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን፣ አንዲት ነጭ ፔጆ 404 እያጓራች ወደ ግቢው ገባች። ጋሽ ባዬ ነበሩ፣ የቡሬው እህል ነጋዴ፤ አሁን ንግዱን ለሌላ ትተው ቤት መዋል ጀምረዋል። አጠገባቸው ባለቤታቸው እትዬ ሥርጉት ተቀምጠዋል። ክንፌ ገና ሳይወርዱ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። የፔጆዋ የፊት ወንበር አንድ ወጥ ነው፣ ሦስት ሰው ያስቀምጣል። እትዬ ሥርጉት ግን በበሩ በኩል ያለውን ቦታ ባዶ ትተው፣ መሀል ላይ ከባላቸው ጋር ተጠጋግተው ነው የመጡት።

ጋሽ ባዬ ነገር ማስረዘም አይወዱም። «ክንዴ ከደረቴ በላይ አልነሳ አለኝ» አሉ ቀኝ ትከሻቸውን እያሳዩ። «ከጎተራ መሰላል ወድቄ ነው። የዚች ማርሽ ደግሞ እንደምታየው ከመሪው ሥር ነው፣ ከፍ ብሎ። እንደ አሁኖቹ መኪኖች ወደ ወለል አውርድልኝ። ዝቅ ካለልኝ እገፋዋለሁ። ልጄ ከባሕር ዳር እየደወለ ሽጣት እያለ ነፍሴን አወጣው። ካልሆነልህም ንገረኝ፤ ልሽጣትና ልረፍ።»

ልሽጣት ይበሉ እንጂ ያቺን መኪና ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከእጃቸው ለይተዋት አያውቁም።

«ይሆናል ጋሼ፣ እሞክራለሁ» አለ ክንፌ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክንድዎ ካልተነሳ ከቡሬ እስከዚህ ማርሹን በምን አስገቡት?»

ጋሽ ባዬ ሰማይ ሰማይ አዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረስን» አሉ። እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መንገዱ ዞሩ። ቁልፉን ሰጥተውት በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተመለሱ።

እንግዲህ ክንፌን መኪናና ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ማየት ነው! መጀመሪያ ከመሪው ሥር ያለውን እጀታ ፈታ። ከእጀታው ተነስተው ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ማርሹን ይመርጣል፣ ሌላው ይገፋል። «ይሄን ያሰበው ሰው ምን በልቶ ነው!» እያለ ብቻውን ሳቀ። ዘንጎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከዚያ ሲገፋ ከዚህ ምን እንደሚሆን ሲያይ፣ ከጎረቤት ሻይ ቤት ሻይ ያመጣችለት አይናለም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆማ ጠበቀችው።

ከወደቀ ፔጆ ላይ የተነቀለ የወለል ማርሽ ዘንግ አገኘ። የጎደለውን መገጣጠሚያ የቶርኖ ቤቱ ስመኘው ቀርጾ ሰጠው። ወለሉን ቆረጠ፣ በየደ፣ ገጠመ። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ማስገባት ሲፈልግ ሁለት ገባ፤ ሁለት ሲል አንድ። ሌላ ሰው ቢሆን መዶሻውን ይወረውር ነበር። እሱ ግን ደስ አለው፣ እውነቴን ነው። ለምን እንደተገለበጠ እስኪገባው ድረስ ከመኪናዋ ሥር አልወጣም፤ ከገባው በኋላ መገጣጠሚያውን ወደ ሌላው ጎን አዙሮ አስተካከለው።

ግራ ያጋባው ሌላ ነው። በቅርብ ዓመት የታደሰው ወንበር መሀሉ ጎድጉዷል፤ በበሩ በኩል ያለው ግን አዲስ እንደሆነ ነው። አብሮ የተቀባው የእጀታው ቀለም የተላጠውም በሾፌሩ ሳይሆን በወዲያኛው ጎን ነው። አዲሱ ዘንግ ደግሞ የሚቆመው እዚያው መሀል ላይ ነው፤ ከእንግዲህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያደርግበት የለውም። ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ መሀሉ ቦታ ሊጠፋ ነው፣ ምን ይሻላል?»

«መሀል ማን ይቀመጣል? ሁለት ሰው ነን እኮ» አሉና ዘጉት።

ሴትዮዋ በሩ በኩል ባዶ እያለ ለምን መሀል እንደሚቀመጡ አይናለምን ጠየቃት። ሳቀችበት። «አንተ የጎጃም ሰው አይደለህም እንዴ? መንገድ ላይ ካህን ወይ ሽማግሌ ቆመው ቢያገኙ በሩን ከፍተው ከጎን ሊያስቀምጧቸው ነዋ። ሴትዮዋ ቦታውን ለክቡር ሰው ለቀው ነው።»

ነገሩ ልክ ነው፤ በዚያ አገር ሽማግሌ ወደ ኋላ ወንበር አይሰደድም፤ ጋቢናው የእሱ ነው። ክንፌም ተቀበለው። ያን ሁሉ ዘመን ሲጠይቅ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ደህና መልስ ሲያገኝ ረካ። የእጀታውን መላጥ እንኳ ረሳው። አይ ክንፌ!

ባልና ሚስቱ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ ባዬ ገብተው ፍሪሲዮኑን ረገጡ። ክንዳቸውን ሳያነሱ አንድ አስገቡ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ፊታቸው በራ። «እጅህ ይባረክ! እጅህ ይባረክ ልጄ! ማን ወንድ ነው ከእንግዲህ የሚያሸጠኝ!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እትዬ ሥርጉት በሩን ከፍተው እንደ ልማዳቸው ወደ መሀል ሊገቡ ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ዘንጉን መታው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማርሹ ነው እማማ» አለ ክንፌ።

«ወደ ወለል ሲል ዝቅ ይላል ብዬ እንጂ መሀል ላይ ይተከላል ብዬ መቼ አሰብኩ? እኔስ የት ልቀመጥ ነው?»

«በበሩ በኩል ነዋ። ሽማግሌ ቢያገኙም ወደ ኋላ...»

«የምን ሽማግሌ ነው የምታወራው!» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «እስከ ዛሬ አልነገርከውም?»

ጋሽ ባዬ መሪውን ይዘው አቀረቀሩ። ነገሩን ያወጡት እትዬ ሥርጉት ናቸው። ባላቸው ከመሰላሉ ከወደቁ ወዲህ ማርሹን ሲያስገቡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ባል ፍሪሲዮኑን ይረግጡና «ሁለት» ይላሉ፣ ሚስት ከመሀል ሆነው በግራ እጃቸው ሁለትን ያስገባሉ። ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ ፍኖተ ሰላምን እንዲህ ነው የተመላለሱት። ክንፌ ራሱን መታ። የእጀታው መላጥ፣ የወንበሩ መጎድጎድ፣ ሁሉም አሁን ገባው።

«ሚስቱ ማርሽ የምታስገባለት ሲሉኝ ምን ልሁን?» አሉ ጋሽ ባዬ ቀስ ብለው። «አፈርኩ።»

«እኔ አላፈርኩም» አሉ እትዬ ሥርጉት። «ከተጋባን ጀምሮ አንተ እህልህን፣ እኔ ቤቴን። ልጅ እንኳ ያሳደግነው በየተራ ነው። አብረን የሠራነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ማርሽ ነበር። ቀጥ ብሎ ሲገባልኝ ደግሞ ማን እንደኔ ብዬ በልቤ እኮራ ነበር። እሱንም አስነቀልከው።» በበሩ በኩል ገብተው ተቀመጡና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዙ።

ክንፌ መኪናዋ ሳትሞከር መስጠት ስላልቻለ ከኋላ ገባ፣ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ወጡ። ጋሽ ባዬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በገዛ እጃቸው ነዱ፤ ማርሹ ቅቤ ሆነ። ጎበዝ ያላቸው ግን የለም። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ገለባ የጫነ ጋሪ መንገዱን ሲያቋርጥ ቆሙ። ጋሪው አለፈ። በአንድ ተነሱ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጡ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ቀረ።

«ምነው ጋሼ፣ እምቢ አለ?» አለ ክንፌ ደንግጦ።

«ክንዴ ዛለ» አሉ። ክንዳቸው አልዛለም፤ ቅድም ደጋግመው ሲያስገቡ ክንፌ አይቷል። «ሁለት» አሉ ወደ ፊት እያዩ።

እትዬ ሥርጉት ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።

«ሥርጉት፣ ሁለት አልኩሽ እኮ። መኪናዋ ልትቆም ነው።»

እትዬ ሥርጉት ዞሩ። ግራ እጃቸው ተዘርግቶ ዘንጉን ጨበጠ፣ ከዚያ ግራ ተጋባ።

«ሁለት አሁን የት ገባ?» አሉ በቁጣ።

«ከአንድ ቀጥ አድርገሽ ወደ ኋላ ሳቢው። እኔም ዛሬ ነው የተማርኩት።»

ሳቡት። ገባ። መኪናዋ ተንደረደረች።

«ሦስትን አሳየኝ» አሉ እትዬ ሥርጉት።