ሎምቦክ ሱምባዋን ወለደ

ባለፈው ጥር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን አክብረው ወደየመንደራቸው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ልትጠይቀኝ መጣች። ድንች ቀቅዬ በአዋዜ አቀረብሁላት። አንድ ሁለት እንደ ላጠች ስልኳን አወጣች። የዛሬ ልጆች ዘመድ ሲጠይቁ ስልካቸውም አብሮ ይጠይቃል። እኔ ቅር አይለኝም፤ የሚያሳዩኝን አያለሁ።

«አክስቴ፣ ይችን ይዩልኝ። ሰው የማያውቃቸው ደሴቶች ናቸው። ኢንዶኔዥያ!»

መነጽሬን አደረግሁ። ነጭ አሸዋ፣ እስከ ታች የሚያሳይ ውኃ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበሉ የኮኮናት ዛፎች። ተናጋሪው ደሴቶቹን በየተራ እያነሣ መንገደኞችን ይጋብዛል። ከፍሎሬስ ቀጥሎ «ሌምባታ» ሲል ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«ሎምብለን ነው» አልሁ። «ከሱ ቀጥሎ አሎር ይመጣል።»

አሎር መጣ። ትዕግሥት ድንቹን እንደ ያዘች ቀረች።

«እንዴት አወቁ? ደግሞ ሎምብለን ሳይሆን ሌምባታ ነው የሚለው።»

«በእኔ ጊዜ ካርታው ላይ ሎምብለን ነበር። ስሙን ለውጠውት ይሆናል። የኛው ከተማ ቆሰበርም እንጅባራ ተብሏል እኮ።»

ይህን እንዳልሁ ሥዕሉ ቆመና መሐሉ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከር ጀመር። ኔትወርኩ ሄደ። «እስኪመለስ ይንገሩኝ» አለችኝ። ለሷ በአጭሩ ነገርኋት። እዚህ ግን ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

አባቴን አገሬው አያ ታከለ ይለው ነበር። ገበሬ ነው፤ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። በእኛ ዘንድ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው መጣራት አለበት። የሚያጣራው አባቴ ነበር። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ «እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ስም አንዲት ጣቱ ከከዘራው ላይ ትነሣና ትመለሳለች። መሐል ላይ ከመስመሩ የወጣ ሰው ካገኘ፣ «ይኸ ወንድም ነው፤ ጎጆ ወጥቶ ሄዷል» ይልና ያልፈዋል። አይቸኩልም። እሱ ከሳተ ዘመድ ከዘመድ ሊጋባ ነው። ልጅ ሆኜ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለምሰማ፣ ቆጠራው ዜማ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ዘጠነኛ ክፍል የተማርሁት ዳንግላ ነው። ከሁለት የመንደራችን ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሌሊት ተነሥተን በእግራችን ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ እንወርዳለን፤ አባቴ ስንቄን በፈረስ ጭኖ ገበያው ዳር ይጠብቀኛል። የገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ ድንች። አንዳንዴ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችው ቅቤ ይኖርበታል፤ ፀሐይ ከነካው እየፈሰሰ ዱቄቱን ያበላሸው ነበር።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዱ፣ «በዚህ ሳምንት ምን አስተማሯችሁ?» አለኝ።

«ስለ ደሴት» አልሁት።

አባቴ የሚያውቀው ደሴት ጣና ላይ ያለውን ነው። አንድ ጊዜ በታንኳ ተሻግሮ ተሳልሞ መጥቷል። ለሱ ደሴት ማለት ገዳም ነው፤ ያውም ሴት የማትረግጠው።

«ሴት የማይገባበትን ለሴት ምን ብለው ያስተምራሉ?»

«የጣናው አይደለም፣ አባዬ። የሩቅ አገር ነው። ደሴቱ በሺህ ነው የሚቆጠረው።»

«በሺህ የሚቆጠር ገዳም!» አለ። «መነኩሴውን ከየት አምጥተው ሊያዳርሱት ነው?»

አጠገባችን ጨው የምትሸጠው ሴትዮ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። የጭነቱን ገመድ ሲፈታ ቆየና፣ «ዘጠነኛን ጨርሺ፤ ከዚያ ይበቃሻል። እናትሽ ብቻዋን ናት። እኔም ደሴት ለማወቅ ከሆነ ስንቅ የማመላልሰው፣ ፈረሱም ታዘበኝ» አለኝ።

ከረጢቱን ከእጁ ተቀበልሁ። ያን ጊዜም ብዙ አልናገርም ነበር። ስንቄን ተሸክሜ ወደ ዳንግላ ስመለስ መንገዱ ከወትሮው ረዘመብኝ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ይስማው ነበር። ካርታችን አንድ ብቻ፣ እሱም ጠርዙ የተበላ፣ በሁለት ቀርከሃ መሐል ተወጥሮ የሚሰቀል ነው። ጃቫን፣ ሱማትራን፣ ቦርኒዮን በፍጥነት አሳየንና ከነሱ በታች የተበተኑትን ትናንሽ ነጠብጣቦች በቀርከሃ መጠቆሚያው እየነካ፣ «ትልቁን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አገር ያወቀ ትንሹን ያወቀ ነው» አለ። እኔ ከመቶ በላይ ቤት የሌለበት መንደር ልጅ ነኝ። ይህ ንግግር ገባኝ።

ትናንሾቹን ላጠና ቆርጬ ተነሣሁ። ግን ስሞቹ አልያዝልሽ አሉኝ። በቤታችን አገውኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ እነዚህ ስሞች የሁለቱም ወገን አይደሉም፤ ማታ ያዝኋቸው ስል ጠዋት የሉም። አንድ ቅዳሜ ወደ አዲስ ቅዳም ስወርድ፣ ከእርምጃዬ ጋር ሳላውቀው የአባቴን ዜማ ያዝሁ። ሎምቦክ ሱምባዋን ወለደ። ሱምባዋ ፍሎሬስን ወለደ። ፍሎሬስ ሎምብለንን ወለደ። ከፊቴ የነበሩት ሁለቱ ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። ገበያው እስክንደርስ ሰባት ቤት ቆጥሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንዱም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። በዚያን ቀን የክፍሎች የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረጋል፤ ወላጆች እንዲሰሙም ውድድሩ በአማርኛ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሁለት ምድብ ስለነበር ከኛ ምድብ መምህር ይስማው እኔን መረጠ።

«መምህር፣ እሷ እኮ አትናገርም!» አሉ ወንዶቹ።

«ቁጥብ ናት እንጂ ድዳ አይደለችም» አላቸው።

ተወዳዳሪዬ ደረጀ የሚባል የከተማ ልጅ ነበር። አማርኛው ይፈሳል፤ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ይለጥጣል። ደመናው ወርዶ ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ተኝቷል። ወላጆች ዳስ ውስጥ በአግዳሚ ተቀምጠዋል፤ ያ ካርታችን ከተወዳዳሪዎቹ ጀርባ ተሰቅሏል። አባቴ ፈረሱን አጥር ላይ አስሮ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። የመጣው ውድድር ሊያይ አልነበረም። ዕቃዬን ጭኖ ሊወስደኝ ነው። ባዶ ከረጢቶቹ ከኮርቻው ላይ ሲንጠለጠሉ ይታየኛል።

እስከ መጨረሻው ጥያቄ እኩል ሄድን። የመጨረሻውን ያነበቡት በእንግድነት የተጠሩ አንድ አዛውንት ዳኛ ናቸው። ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ስማቸው እምብዛም የማይጠራ ሰባት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በቅደም ተከተል መጥራት ነው። ዕጣው ቀድሞ ለደረጀ ደረሰው።

«ባሊ፣ ፍሎሬስ፣ ቲሞር…» አለና ቆመ። «ጃቫ!»

ሕዝቡ እንኳ ጃቫን ሰምቶ ያውቃል። «ተራው የሷ ነው» አሉ ዳኛው።

ተነሣሁ። ስሞቹን ብቻ ለመጥራት ፈለግሁ፤ ስሞቹ ግን ለብቻቸው አልመጡልኝም። ባሕሩም፣ ካርታውም ጠፋብኝ። አባቴን አየሁ። ዓይኔን ጨፈንሁና ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«ሎምቦክ ሱምባዋን ወለደ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ደረጀ፣ «ደሴቶቹን ልትድራቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። አንዲት እናት፣ «እልል በሉላ!» ስትል ሰማሁ። ዜማው ግን አንዴ ከተጀመረ መሐል ላይ አይቆምም።

«ሱምባዋ ፍሎሬስን ወለደ። ፍሎሬስ ሎምብለንን ወለደ።»

ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ መምህር ይስማው መጠቆሚያውን አንሥቶ ካርታው ላይ ሎምቦክን ነካ፣ ሱምባዋን ነካ፣ ፍሎሬስን ነካ። ስም በጠራሁ ቁጥር ቀርከሃው አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየሞተ ሄደ።

«ሎምብለን አሎርን ወለደ። አሎር ወታርን ወለደ። ወታር ታኒምባርን ወለደ።»

ዓይኔን ገልጬ ዞር ስል ቀርከሃው ታኒምባር ላይ ቆሟል። አባቴ ከመጀመሪያውም አልሳቀም ነበር። ሁለት እጁ ከዘራው ላይ ነው፤ ሰባተኛዋ ጣቱ ገና መመለሷ ነበር።

«አቤቱታ አለኝ!» አለ ደረጀ ብድግ ብሎ። «ሱምባን ዘላዋለች! ሱምባ ከፍሎሬስ በፊት ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ካርታው አስጠጉ። «እውነት ነው፤ እዚህ ሱምባ የሚባል አለ። ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«እሱ ወንድም ነው፣ ጌታዬ» አልሁ። «ጎጆ ወጥቶ በደቡብ በኩል ለብቻው ተቀምጧል። ከመስመሩ አይቆጠርም።»

መምህር ይስማው ቀርከሃውን ወደ ታች አወረደው። ሱምባ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ ልክ እንዳልሁት፣ በስተደቡብ ብቻውን ነበር። ዳኛው ሱምባን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ሳቁ፤ የሳቸው ሳቅ ግን እንደ ቀድሞው ሳቅ አልነበረም። «ወንድም ከሆነስ ምን ይደረጋል» አሉና እጄን አንሥተው ያዙ።

ያ ዳስ እንዴት እንደጮኸ ዛሬም መግለጽ አልችልም። የክፍሌ ወንዶች አግዳሚው ላይ ወጥተው ይዘሉ ነበር። ያቺው እናት አሁን ከልቧ እልል አለች። ደረጀም መጥቶ ጨበጠኝ፤ «እኔንም ቁጠሪኝ እስቲ፣ ከማን ነው የተወለድሁት?» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ ማለት አልለመድሁም።

አባቴ እስከ ከተማው ዳር ፈረሱን እየሳበ ከፊት ሄደ። ዕቃዬ ፈረሱ ላይ ተጭኗል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ካፊያው ሲጀምር ጋቢውን አውልቆ በራሴ ላይ ጣለልኝ።

«አልሳትሽም» አለኝ።

ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘር የቆጠረ ሰው ሁሉ ከሱ ዘንድ የሚጠብቀው ይህችን ቃል ነው። ጥቂት ሄደንና ፈረሱን አቆመው።

«ያ ጎጆ የወጣው… ስሙ ማን ነበር?»

«ሱምባ።»

«እዚያ ፈረስ አላቸው?»

አሰብሁ። «አላውቅም፣ አባዬ። ካርታው ላይ አይታይም።»

ፈረሱን አንገቱን መታ መታ አደረገው። «እንግዲያ ሳትጨርሺ ነው የመጣሽው» አለ። «መስከረም ትመለሻለሽ።»

በመስከረም ተመለስሁ። ስንቁ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ አንድም ቅዳሜ ጎድሎብኝ አያውቅም። ከመንደራችን ሴቶች አሥራ ሁለተኛን የጨረስሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ከዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። አባቴ ሠርግ ቤት በተቀመጠ ቁጥር፣ «እኔ የአገሩን እቆጥራለሁ፤ ልጄ የባሕር ማዶውን ትቆጥራለች» እያለ ኖሮ አረፈ። የጠየቀኝን ግን ሳልመልስለት ቀረሁ። ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ፈለግሁ፤ ስለ ሱምባ የሚነግረኝ አላጋጠመኝም።

ትዕግሥት ነገሩን ሰምታ ስትስቅ ስልኩ ድንገት ተናገረ። ኔትወርኩ ተመልሷል። «ይኸው፣ አክስቴ፣ የርስዎ ወንድም!» አለችና አስጠጋችልኝ። ሱምባ ይላል። ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ የተሰለፉ ሰዎች፣ ግንባራቸው ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ የታሰረላቸው ፈረሶች። እየጋለቡ ይገናኛሉ፣ ዘንግ ይወረውራሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይመለሳሉ።

«የኛን ፈረሰኞች አይመስሉም?» አለች።

ይመስላሉ። ሱምባ ይህን ሁሉ ዓመት ፈረስ ይዞ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። ሰው ስለ አንድ ቦታ ስም ብቻ ይዞ ዕድሜውን ሊፈጅ ይችላል፤ የቀረውን የሚያመጣለት ማን እንደሚሆን አያውቅም። የኔን ያመጣችው ድንች ልትበላ የመጣች ልጅ ናት። እንደገና ክፈቺልኝ አልኋት፤ ሦስት ጊዜ አየሁት።

«አላቸው» አልሁ።

«ምን አሉኝ፣ አክስቴ?»

«ፈረስ» አልኋት። «የመለስሁት ላንቺ አይደለም።» ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሞቀው ተነሣሁ።