ጫማ የሚወለቅበት የኮምፕረሰር ክፍል

በዚያ የዱቄት ሳሙና ፋብሪካ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ጭቃ የረገጠ ሰው ሰተት ብሎ ይገባል። የኮምፕረሰሩ ክፍል ግን ጫማ ሳይወለቅ አይገባበትም። ሊስቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ግን ሳቁን አይጨርሰው፣ ገና ነው።

የክፍሉን መካኒክ ሁሉም «ጋሼ መስታወት» ይለዋል። ወለሉ ፊት ያሳያል ለማለት ነው። ሰውየው ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። እጁ ግራሶ፣ ቱታው ዘይት፣ አፉ ስድብ የማይለየው፣ እንደማንኛውም ጤነኛ መካኒክ የሚኖር ሰው ነበር። ያበላሸው የጽዳት ውድድር ነው።

ውድድሩን ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሥልጠና ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ቢያጣ ቢያጣ መፈክር ይዞ ይመጣል። «ንጹሕ ክፍል ለንጹሕ ምርት!» የሚል በየግድግዳው ተለጠፈ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ዋንጫ ተገዛ። ኮሚቴው የሚያየው ወለልና ግድግዳ ብቻ ነው። ማሽኑ ይሥራ አይሥራ እሱን አይመለከተውም፤ ለዚያ ሌላ ኮሚቴ አለ፣ እሱ ደግሞ ተሰብስቦ አያውቅም።

ጋሼ መስታወት ዕድሜ ልኩን ከፋብሪካው ያገኘው ነገር ቢኖር ማስጠንቀቂያ ነው። ዋንጫውን ሲያይ ልቡ ሸፈተ። ወለሉን አረንጓዴ፣ ቧንቧዎቹን ነጭ ቀለም ቀባ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹ ላይ ወፍራም ላስቲክ ወጥሮ ዙሪያቸውን በፕላስተር አሸገ። ከአየር ማድረቂያው ሥር በየጊዜው ውሃ የሚተፋውን መውረጃ ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻ ባልዲ ደቅኖ ይከፍተው ጀመር። በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ አቆመ። ዋንጫውን በላ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ኮምፕረሰር አየር የሚያምቅ ማሽን ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም አብሮ ይታመቃል። ማድረቂያው ያንን ትኩስ አየር ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ በመውረጃው ይወጣል፤ ደረቁ አየር ወደ ማሸጊያ ክፍል ሄዶ ከረጢቱን እፍ ብሎ ይከፍታል፣ ዱቄቱ ይገባል። መውረጃው ተዘግቶ ከዋለ ውሃው የት ይሂድ? ሰማይ አያርግ! ከአየሩ ጋር ተሳፍሮ ማሸጊያ ክፍል ይወርዳል እንጂ።

በበጋው ነገሩ አልታወቀም። ዝናብ ሲገባ ግን ከረጢቱ ውስጥ የገባው ዱቄት ሳሙና መሆኑን ትቶ ሊጥ ሆነ። ማሸጊያው ላይ የቆሙት ሴቶች በማንኪያ መፋቅ ጀመሩ። የእነሱ አለቃ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የጋሼ መስታወት ሚስት!

«አንተ ሰውዬ፣ አየር ላክ ስንልህ ወንዝ ትልካለህ?» ትለዋለች እራት ላይ።

«ፊልተሩን ቀይሬዋለሁ አልኩሽ።»

«ፊልተሩን ቀየርክ፣ ቧንቧውን ነቀነቅክ፣ የማቀዝቀዣውን ክንፍ በብሩሽ አጠብክ። ሁሉን ነካክተህ ውሃዬ እንዳለ ነው!»

«እንግዲህ ማሽኑ አርጅቷል። እኔ ልውለደው?»

«አንተማ ወለሉን ውለድ።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይኸው ነው። ሰውየው በየቀኑ አንድ ነገር ይፈታል፣ ይወለውላል፣ ይገጥማል፤ ማሸጊያው በየቀኑ ይላቁጣል። ንዴቱ ሲብስበት የማድረቂያውን ገላ በቡጢ ይመታና ወዲያው አሻራውን በጨርቅ ይጠርጋል።

ከውጭ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያውም በደንቡ መሠረት ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። አፈረ መሰለኝ፣ ከበሩ ሳያልፍ አንገቱን አስግጎ የማድረቂያውን ጠቋሚ አነበበ። «የማቀዝቀዣው ጋዝ ደህና ነው። ማሽኑ አንሷችኋል፣ ተለቅ ያለ ግዙ» ብሎ ጫማውን አጠለቀና ሄደ። ሊቅ ማለት እንዲህ ነው፤ በእግር ጣቱ የተነሣ አዲስ ማሽን ያስገዛል።

ሥራ አስኪያጁ የግዢውን ነገር ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። አሰበ አሰበና መፍትሔ አገኘ፦ በዚህ ሳምንት አየሩ ካልደረቀ ማሸጊያው ይዘጋል፣ ሴቶቹም ይሰናበታሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ድሮ ተረት ነበር፤ አሁን የአመራር ጥበብ ሆኗል።

ወሬው ማሸጊያ ክፍል በደረሰ ጊዜ ሚስቲቱ ማንኪያዋን ወርውራ ተነሣች። ግቢውን በጭቃ አቋርጣ የኮምፕረሰሩን ክፍል በር በርግዳ ገባች። ከነጫማዋ!

«ጫማ! ጫማሽን!» ጮኸ ጋሼ መስታወት።

«ጫማዬን ልብላው? እንጀራዬ ሊዘጋ ነው፣ አንተ ጫማ ትለኛለህ!»

«ውጪና አውልቀሽ ግቢ፣ ነገ ኮሚቴ ይመጣል።»

«ኮሚቴህን ድፍት ያድርገውና!» አለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ላቧ ከግንባሯ ይወርዳል። «ምንድነው ይሄ? ዳቦ ቤት ነው እንዴ? እንዴት ነው እዚህ የምትተነፍሰው?»

«ኮምፕረሰር ይሞቃል፣ ምን ይጠበስ?»

ዓይኗ ጭልም አለባትና ቧንቧውን ተደገፈች። ወደ ማድረቂያው የሚገባውን ነጩን ቧንቧ። «ውይ!» ብላ እጇን ነጠቀች። መዳፏ ቀልቷል።

ጋሼ መስታወት መጀመሪያ ያየው ነጩ ቀለም ላይ የቀረውን የእጅ ምልክት ነው። አዎ፣ ከሚስቱ እጅ በፊት! ጨርቁን ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ሳለ ግን ደርቆ ቀረ። ይህን ቧንቧ ዱሮ በየጠዋቱ ይጨብጠው ነበር። ለብ ካለ ደህና፣ ካቃጠለ ደህና አይደለም፤ የሙያው ግማሽ ይኸው ነበር። ነጭ ከቀባው ወዲህ አሻራ ያበላሸዋል ብሎ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።

ቀስ ብሎ እጁን አስጠጋ። ፈጀው።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«መስኮቱን አሽጌ ክፍሉን ምድጃ አድርጌዋለሁ» አለ። ላስቲኩን አየ፣ የተዘጋውን መውረጃ አየ፣ ሚስቱን ለማየት ግን ድፍረት አጣ። «ማድረቂያው ራሱ የሚተነፍሰው ትኩስ አየር ነው፣ የሚመጣለትም የፈላ ነው። በምን አቅሙ ያቀዝቅዘው? ትንሽ ያወጣትን ውሃ ደግሞ እኔው ዘግቼበት መልሼ ላንቺ እልካለሁ።»

«ስንት ጊዜህ ነው እንዲህ ስታደርግ?»

«ዋንጫው ከመጣ ወዲህ።»

የተሳደበችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱም ያፍራል። ብቻ እየተሳደበች ቢላዋ አምጥታ አንዱን መስኮት እሷ፣ ሌላውን እሱ ቀደዱት። መውረጃውን ሲከፍተው ያቆረውን ሁሉ ጷ! ብሎ አረንጓዴው ወለል ላይ ተፋው። በባልዲ የሚቻል አልነበረም።

በማግስቱ ኮሚቴው መጣ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ሆኖ፣ ለጽዳት ደንብ ታማኝ ነውና፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ገባ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ቦጭ!

«ምንድነው ይሄ?»

«ውሃ ነው፣ ጌታዬ። ማሸጊያ ክፍል ይሄድ የነበረው ነው።»

«ዝጋው!»

«ከዘጋሁት ሳሙናው ይላቁጣል።»

«ወለሉ ከረጠበ ደግሞ አንተ በር ጥበቃ ትሄዳለህ። ወይ ሁለቱንም አድርቅ!»

«ግድግዳውን በስተን በጎማ ወደ ውጭ እናውጣው።»

«ግድግዳ የሚበሳው የሕንፃ ኮሚቴ ሲፈቅድ ነው።»

«መቼ ይሰበሰባል?»

ሥራ አስኪያጁ ካልሲውን እየጨመቀ ወጣ። ዋንጫውንም ኮሚቴው በብብቱ ይዞት ሄደ።

ጋሼ መስታወት ከኋላቸው በሩን ዘጋው። ዋንጫው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ጫማውን አጠለቀ። መዶሻና መሮ አነሣ። እኔ ስለ ጀግንነቱ አላወራም፤ በንዴት ሳያነጣጥር ይቀጠቅጥ ስለነበር ከግድግዳው ይልቅ አውራ ጣቱን የመታበት ይበዛል። አቧራው ጎርፍ ሆነ፣ ነጩ ቧንቧ አመድ መሰለ። ሚስቱ የጎማውን ጫፍ ይዛ በዝናቡ ውስጥ ከውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

«ወጣ?» ይላል ከውስጥ።

«አልወጣም! ግፋው!»

«አሁንስ?»

«አፈር ነው የወጣው!»

«አሁን?»

ጎማው እንደ ጉሮሮ አጉረመረመና ዝገት የቀላቀለ ውሃ ቀሚሷ ላይ ተፋ። ስድቧን ጀምራ ሳትጨርሰው ጎማውን ጥላ ወደ ማሸጊያው ሮጠች። ከረጢቱ እፍ ተብሎ ተከፈተ። ዱቄቱ ወረደ፤ ጣቷን ሰድዳ አሸት አሸት አደረገችው። ቧንቧው ውስጥ የቀረው እርጥበት ገና አላለቀም፣ ዱቄቱ ጣት ላይ ትንሽ ይይዛል፤ ግን ሊጥ አይደለም።

ማሸጊያው አልተዘጋም። ግድግዳ ያለፈቃድ በመብሳት ግን ጋሼ መስታወት ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፣ ክፍሉም ከሁሉ መጨረሻ ወጣ። ማስጠንቀቂያውን ሊፈርም ሲሄድ ሚስቱ ከማሸጊያው በር ላይ አንገቷን አወጣች።

«ስትመለስ ቧንቧውን ጨብጠው!»

«ጨብጬዋለሁ።»

«ደግመህ ጨብጠው! ባንተ እምነት የለኝም።»