አራት ለሦስት

ሙሉነሽ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ስትሠራ ትውልና ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለው የእኔ ሱቅ ትመጣለች። ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ባለችው ክፍል ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑትን የምሰበስብ እኔ ነኝ፤ ሠናይት እባላለሁ። ቁጡ ነኝ። ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት ለሚምታታበት ሰው ትዕግሥት የለኝም።

ሙሉነሽ አንዴ ወድቃለች፤ የቀራት አንድ ዕድል ነው። ዜግነቱን የፈለገችው አባቷን ለማምጣት ነው። ጋሽ ዑራኤል ደሴ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መቶውንም የፈተና ጥያቄ በድምፃቸው ቀድተው ላኩላት። ጥያቄውን ያነባሉ፣ እንድትመልስ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «ጎበዝ!» ይሏታል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአጎቷ ልጅ ቶማስ ከበርባንክ ድራይቭ አድርጎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ ዑራኤል ዐርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። ደሴ ያሉት ዘመዶች ለእሷ አልደወሉም፤ መርዶ በስልክ አይነገርማ!

እሷ ሳትኖር፣ አብረዋት የሚያጠኑት፣ ቶማስና እኔ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ገሚሱ ነገ በማለዳ ሄደን እናርዳት አለ። ገሚሱ ደግሞ አሁን ከሰማች ትወድቃለች፣ ልፋቷ ሁሉ ገደል ይገባል፣ ትፈተንና ትስማ አለ። «እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ይቅር የምላችሁ ይመስላችኋል?» አለች ከአጥኚዎቹ አንዷ ሱዓድ። እጅ አወጣን፤ ሦስት ለሦስት። የእኔ ብቻ ቀረ።

«ትፈተን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለጠላቴም አልመኝ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ሟች ይጠይቃታል።

«ሕግ የሚያወጣው ማነው?»

«ኮንግረስ።»

«ጎበዝ!»

ስትደውልላቸው አይነሳም፤ ቶማስ «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» ይላታል፣ እሷም ታምናለች።

አንድ ቀን ጋሽ ዑራኤል፣ «ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ማን ይተካዋል?» አሏት። ጠፋት። ጣሪያ ጣሪያ አየች። እኛ መሬት መሬት አየን። ዝምታው አለቀና፣ ሳትመልስ «ጎበዝ!» አሏት።

ሳቀች። «ውይ አባዬ! ምን መለስኩና?» ዞር ብላ አየችን። «እትዬ ሠናይት፣ ምነው ሁላችሁም ተንቀጠቀጣችሁ?»

«ኤሲው አብርዶን ነው» አልኳት። ኤሲው ከተበላሸ ወር ሆኖታል።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁን በር በርግዳ ገባች። «አለፍኩ!»

ዛሬ እልል ልንልላት፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ልናረዳት ተስማምተን ነበር። ቆማ እልልታውን ጠበቀች። ከሰባታችን አንድም ሰው እልል አላለም። ፊታችንን አንድ በአንድ እያየች መጣች፤ ሳቋም እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አባዬ... መቼ ነው?» አለች።

«ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል» አለ ቶማስ። «እንድታልፊ ብለን ነው፣ ሙሉዬ። ድምፅ ሰጥተን...»

«ስንት ለስንት?»

«አራት ለሦስት።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ። «አራቱ እነማን ናችሁ?»

ሦስቱ አቀረቀሩ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የሞተ አባቴ ሲጠይቀኝ፣ እርስዎ እዚህ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።