ሦስተኛውን ኬሞ የተውኩበት ሰኞ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እርሱ ያደረገልኝን ልናገር ነው የወጣሁት፤ ግን የዛሬው ምስክርነቴ የሚጀምረው በይቅርታ ነው። አምና እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ "ተፈውሻለሁ፣ ከእንግዲህ መርፌ አይነካኝም" ብዬ ነበር። ተነስታችሁ አጨበጨባችሁልኝ፣ እልልታችሁ እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል አሉ። ያን ቀን አልተፈወስኩም ነበር። ያንን ቃሌን መልሼ ልውሰድና እውነተኛውን ልስጣችሁ ብዬ መጣሁ። መጋቢያችን "እርግጠኛ ነሽ?" ብለው ጠይቀውኛል። እርግጠኛ ነኝ። ጌታ ይባረክ።

እንግዶች ካላችሁ፣ ታደለች እባላለሁ፤ ማር ነጋዴ ነኝ። ከማንኪራም ከሺሺንዳም ከገበሬው ተቀብዬ ቦንጋ ገበያ እሸጣለሁ። ማር የምገዛው በሚዛን ሳይሆን በምላሴ ነው፤ ስኳር የገባበትን፣ ሳይደርስ የተቆረጠውን፣ ጭስ የበዛበትን በጣቴ ጫፍ ቀምሼ እለያለሁ። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ምላሴ ለማር ብቻ ሳይሆን ለሰውም ስለታም እንደነበረ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። የታመመ ሰው ስጠይቅ እንኳ ቁጭ ብዬ ማጽናናት አልችልም ነበር፤ "እምነትሽ የት ሄደ?" ብዬ ነው የምገባው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ያልኳችሁ አላችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ዳሰስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ ለተስፋዬም አልነገርኩትም። ወራት አለፉ፤ ልብስ ስቀይር ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። ተስፋዬ አስተማሪ ነው፤ የሚደብቅ ልጅ ሲያይ ያውቃል። "ምንድን ነው የምትደብቂኝ?" አለኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ ከዚያ ጅማ ላኩን፣ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ነው ተባለ። ጡቴን አወጡት። ተኝቼ ሳለ ዶክተሩ መጣና "ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነበር፤ ሥራው ግን አላለቀም። በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ ኬሞ ይወስዳሉ" አለኝ። እሺ አልኩ። ምን እሺ እንዳልኩ አላወቅኩም ነበር።

ወገኖቼ፣ ሰው ስለ ካንሰር ያወራል እንጂ ስለ ኬሞ የነገረኝ አልነበረም። የመጀመሪያውን ወስጄ ስንመለስ ጎጀብ ድልድይ ላይ መኪናው ለእኔ ሲባል ቆመ፤ ሆዴ ውስጥ ምንም ሳይቀር አስታወኩ። ቤት ስደርስ የኮጮ ሽታ ገና ከአጥሩ ተቀበለኝ። ኮጮ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ወደ ገዛ ቤቴ መግባት አቃተኝ፤ ተስፋዬ ኮጮውንም ምጣዱንም ጓሮ አወጣው። አፌ ቆሰለ፣ ውሃ እንደ በርበሬ አቃጠለኝ። ሁለተኛውን ስወስድ ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ፣ ጥፍሮቼ ጠቆሩ። ከሁሉ የባሰው ግን ምላሴ ነበር። አንድ ጠዋት ማር ቀመስኩ፤ የብረት ቁልፍ የላስኩ መሰለኝ። ሌላ ማር ከፈትኩ፣ እሱም ቁልፍ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጡቴን ሲያወጡት ያላለቀስኩት ሴትዮ ለማር አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሞቹ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። ኬሞውን የምትሰጠኝ ነርስ "እንዴት ሰነበቱ?" ስትለኝ "ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እላታለሁ። ለእኛ አማኞች ልማድ ሆኖብናል፤ ሐኪም በሽታችንን ሲጠይቀን በር ላይ ሰላም እንዳለን ሰው እንመልስለታለን። እሷም ደህና ብላ ጻፈች። ጌታን ያመሰገንኩ መስሎኝ ነበር፤ የማቅለሽለሽ ማስታገሻው ክኒን ሳይታዘዝልኝ የቀረው ግን በዚያች መልሴ ነው።

ከሦስተኛው ኬሞ በፊት በነበረው ሳምንት እዚህ የጾም ጸሎት ነበረን። ጋሽ አሰፋ የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው፤ እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ይህን እንደምናገር ነግሬያቸዋለሁ። እጃቸውን ጫኑብኝ፣ ከልባቸው ጸለዩልኝ። በእኛ ዘንድ ደንቡን ታውቃላችሁ፤ የተጸለየለት ሰው እሑድ ወጥቶ በእምነት ይናገራል። "ያላየሽውን እንዳየሽ አድርገሽ ተናገሪ" አሉኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተናጋሪ ነኝ። ወጣሁና ተናገርኩ፤ ማንም ያላዘዘኝን የመርፌውን ነገርም ጨመርኩበት።

ሰኞ ጠዋት ቀጠሮዬ ነበር። ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል፣ ተስፋዬ ጫማውን አስሯል። እኔ ግን መናኸሪያውን አሰብኩ። የቦንጋ መናኸሪያ ማለት ግማሹ ጉባኤ ማለት ነው፤ ትናንት ያጨበጨበልኝ ሰው ዛሬ የጅማ መኪና ላይ ስሳፈር ያየኛል። አልሄድም አልኩት። ተስፋዬ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ቁጭ አለ። "ጌታ ፈውሶኛል፣ አንተ ግን ትጠራጠራለህ" አልኩት። እንደዚያ ብዬ ሰውየውን አፉን ዘጋሁት።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ተሻለኝ። በእውነት ተሻለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወኩ ቆመ፣ የአፌ ቁስል ደረቀ፣ ኮጮ በላሁ። አንድ ቀን ማር በጣቴ ቀመስኩና ማር ሆኖ አገኘሁት። ገበያ ወጣሁ። ፀጉሬ እንደ ሕፃን ፀጉር ብቅ አለ። "አያችሁ?" እያልኩ በየቤቱ ዞርኩ፤ ሺሺንዳ ድረስ ምስክርነቴ ደረሰ። እናንተም አመናችሁ፣ እኔም አመንኩ።

ቀጠሮው ካለፈ ከወር በላይ ሆኖ ሳለ ነርሷ ከጅማ ስልክ ደወለች። ለምን እንደቀረሁ ጠየቀችኝ። ጌታ እንደፈወሰኝ፣ መብላት እንደጀመርኩ፣ ፀጉሬ እንደበቀለ ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እኔም አማኝ ነኝ፣ መድኃኒቱን ስሰካ እጸልያለሁ። የተሻለዎት ከኬሞው ሕመም ነው። ኬሞውን ያቆመ ሰው ሁሉ ይሻለዋል፣ ያላመነውም ይሻለዋል። ከካንሰሩ መዳንዎን ማን መርምሮ ነገረዎት?"

ስልኩን ዘጋሁባት። ተናድጄ ጓሮ ወጣሁ፣ እንሰቱ መሃል ገባሁ። አማርኛዬ እንደምታውቁት የንግድ አማርኛ ነው፤ ስናደድና ስጸልይ በእናቴ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው። "ያንተን ስም አሰድባለሁ ወይ? አሁን ወደ ሕክምናው ብመለስ ሰው ምን ይልሃል?" እያልኩ ጮህኩ። እየጮህኩ ሳለሁ ራሴን ሰማሁት። የማን ስም ነው የተጨነቅኩለት? እርሱ ስሙን የሚጠብቅለት ማር ነጋዴ አያስፈልገውም። የምጠብቀው የታደለችን ስም ነበር። በጡቴ ምትክ ጭብጨባችሁን ይዤ ልሞት ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጌታ ትእዛዝ ነበር የምሰጠው፤ ያን ቀን "ያልከኝን እሆናለሁ፣ ፈሪ ግን አታድርገኝ" አልኩት። ወገኖቼ፣ እኔ የተመለስኩት ያን ቀን ነው። ሃሌሉያ የሚል ካለ እዚህ ላይ ይበል።

ከእንሰቱ ወጥቼ በቀጥታ ጋሽ አሰፋ ቤት ሄድኩ። ወደ ጅማ ልመለስ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "የተቀበልሽውን በገዛ እጅሽ አትጣዪ፣ ልጄ" አሉኝ። የድሮዋ ምላሴ መጣች፦

"ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያነቡት በመነጽር ነው። ለዓይንዎ ያልተጠየቀ እምነት ለጡቴ ለምን ይጠየቃል?"

በተናገርኩት ራሴ ደንግጬ ወጣሁ። በቀጣዩ ሰኞ መናኸሪያ ስደርስ ግን ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ አሰፋ ቦርሳዬን ከተስፋዬ ተቀብለው መኪናው ላይ ጫኑ። ያ ሁሉ ሰው እያየ እጃቸውን መስኮቴ ላይ አድርገው ጸለዩ፣ ስለ መድኃኒቱም ስለ ሐኪሞቹም ጸለዩ። ሽማግሌ ሆኖ በአደባባይ መታረም ቀላል አይደለም፣ ጋሼ። ጌታ ይባርክዎት።

ዶክተሩ ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። ጊዜ እንዳባከንኩ ነገረኝና "እንቀጥላለን" አለ። በዚህ ጊዜ ነርሷ "እንዴት ሰነበቱ?" ስትለኝ አንድም አላስቀረሁም፤ ማስታወኩን፣ ቁስሉን፣ የሆድ ድርቀቱን፣ መርፌ መርፌ የሚለኝን እግሬን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ሳቀችና "ይኸው፣ አሁን ልንረዳዎት እንችላለን" አለችኝ። የማቅለሽለሹን ክኒን ሰጡኝ፤ ገና ሳይጀምረኝ እንድወስደው፣ አፌን በጨው ውሃ እንድጉመጠመጥ፣ ትኩሳት ከያዘኝ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት እንድሮጥ ነገሩኝ። ቀላል ሆነልኝ አልልም። አራተኛው ጥሎኝ ነበር። ግን ታገልኩት።

ፀጉሬ ዳግም ሳይጥለኝ እኔ ጣልኩት፤ ተስፋዬን ምላጭ አምጣ አልኩት። ዊግ ልግዛልሽ ያለችኝ እህት ነበረች፣ ተይው አልኳት። ገበያ ውስጥ "ምን ሆነሽ ነው?" እያሉ ሲያንሾካሹኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ካንሰር ነው፣ እየታከምኩ ነው፣ ማር ትገዛላችሁ?" እላቸዋለሁ። ስሙን ስጠራው የሚሸሽ ሰው አለ፤ የሚቀርብም አለ።

የምላሴ ጣዕም ግን እንደገና ሄደ። ማር መግዛት ልተው ስል ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ ነገሩ ገባቸው። የመስጊድ ሰው ናቸው፣ እኔ በእምነት ጉዳይ ስንት ጊዜ የተከራከርኳቸው ሴት። በየጠዋቱ የቀዘቀዘ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፣ ትኩሱ እንደሚሸተኝ አውቀው። "ምላሴን እስኪመለስልሽ ተዋሺው" አሉኝ። እሳቸው ይቀምሳሉ፣ እኔ "ጉሮሮ ይይዛል? መጨረሻ ላይ ይመራል?" እያልኩ እጠይቃለሁ፣ በሁለታችን አንድ ማር ነጋዴ ሆንን። የማንኪራ ሰዎች እስኪበቃቸው ሳቁብን፤ ስኳር የገባበት ማር ግን አልሸጡልንም። ጌታ ሰው ሲልክ እኔን አማክሮ አይደለም። ስሙ ይባረክ።

ስድስቱንም ጨረስኩ። ባለፈው ምርመራ ምንም አልታየም ተብያለሁ፣ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። አሁንም የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል፤ ዛሬ ጠዋት ይህን ቀሚስ የቆለፈልኝ ተስፋዬ ነው። የማሩ ጣዕም መጥቷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልመጣም። እናንተን ደስ እንዲላችሁ "ፈጽሞ ድኛለሁ" ብዬ አልናገርም፤ አንድ ጊዜ ተናግሬ አይቼዋለሁ። የማውቀውን እናገራለሁ፦ ሳስታውክ አብሮኝ ነበር፣ ስዋሽ አልተወኝም፣ ዛሬም በእግሬ ቆሜአለሁ። ካንሰሩ ተመልሶ ቢመጣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጅማ እሄዳለሁ እንጂ ከእንግዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርም። ክብር ለእርሱ ይሁን።

አሁን እህቶቼን ላናግር ነው። እዚህ መሃል ጡቷ ላይ የሆነ ነገር ዳስሳ ዝም ያለች ሴት አለች። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ ወራት ሙሉ እንደ እናንተ እያጨበጨብኩ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ዛሬ እጅሽን አታንሺ፣ ወደ መድረክም አትውጪ፣ ማንም አያጨብጭብልሽ። ጌታ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ታመኚው፣ ጅማም አለ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለክትትል ጅማ እሄዳለሁ፤ ተስፋዬ ፈተና ስላለበት አይመጣም። ሹፌሩን ከጎኔ ያለውን ወንበር ለሰው እንዳይሰጥብኝ ነግሬዋለሁ። ለማን ነው ሲለኝ ገና አላወቅኳትም አልኩት።