ሕመሙ የለቀቀኝ ቀን

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት፤ ፍልሰታ ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። ዛሬም ከጣና በኩል ዝናብ ያዘለ ነፋስ ሲነሣ ግራ እግሬ ቀድሞ ያውቀዋል። ልጆቼ «እማዬ፣ ሊዘንብ ነው?» እያሉ እግሬን ያያሉ። እስቃለሁ። የዚያን ጊዜውን ግን አልነገርኋቸውም።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከሐይቁ ዳር ልብስ ሳጥብ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አንሸራተተኝና ወደቅሁ። የአጥንቴን ድምፅ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። የጭቃውና የሳሙናው ሽታ እስካሁን ከዚያ ድምፅ ጋር አብሮ ይመጣብኛል።

እናቴ ከመሸንቲ ወጌሻ አስመጣች። ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እግሬን ስበው አቃኑት፤ በቀርከሃ ስንጥር ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ስጮህ ይስቁብኝ ነበር።

«ጩኺ! ጣና ከቦታው ቢነቀል እኔ ያሰርኋት እግር አትነቀልም።»

ለእናቴም ነገሯት። «እታለም፣ እንዳትገልጫት። ምች ከመታት እኔ የለሁበትም።»

ስለዚህ ማንም አልገለጠኝም። እናቴ በጋቢ ላይ ጋቢ ደረበችብኝ። እግሬ እሳት ውስጥ የገባ ያህል ቀን ከሌት አለቀስሁ። «ይላላልኝ» ስላት «ታገሺ፣ አጥንቱ ሲገጥም ነው» ትለኛለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሕመሙ ድንገት ጠፋ።

«እማዬ፣ ለቀቀኝ» አልኋት።

እናቴ መሬት ሳመች። «እመቤቴ፣ ውለታሽን በምን እከፍላለሁ!» ጎረቤቶች ሰምተው እልል አሉ። እኔን ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። እግሬ የዳነ ሳይሆን የሌለ መሰለኝ። ያን ደስታ እያየሁ ምን ብዬ ልናገር?

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ጸበል ይዘው መጡ። ጸልየው ፊቴን ሲረጩኝ ብርዱ አስደነገጠኝ፤ ዐይኔን ጨፈንሁ። ጋቢውን ከእግሬ ሲገልጡ እናቴ «አባ፣ ምች እንዳይመታት» ስትል ሰማሁ።

«ጸበል ነው እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ዐይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

«አባ፣ እግሬንስ አይረጩኝም?»

ዐይኔን ስገልጥ የእግሬ ጣቶች ርሰዋል። አብጠው ጠቁረዋል። ውኃው ከፍራሹ ወደ መሬት ጠብ ጠብ ይላል። አባ ጎንበስ ብለው ጣቶቼን ያያሉ።

«ቢላ አምጪ!» አሏት እናቴን።

እግሬን ሊቆርጡት መስሎኝ ጮኽሁ። የቆረጡት ማሰሪያውን ነበር።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ እየነካካ «ይሰማሻል?» ይለኛል። አይሰማኝም። እናቴን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲነግራት ግን ሰማሁት፤ «እስከ ነገ እንጠብቅ። ደሙ ካልተመለሰ እግሯ መቆረጡ ነው።»

እናቴ ተመልሳ ገባች። ምንም አላለችኝም። ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠችና እግሬን በሁለት መዳፏ ያዘች። እኔም መስማቴን አልነገርኋት። አንዱን ነገር ሁለታችንም ፈርተን ተደባበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እጇ እግሬ ላይ መሆኑን የማውቀው በዐይኔ እያየሁ ነበር።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ ነፍሷን ይማርልኝ። ያን ሌሊት ምን ብላ እንደ ጸለየች ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ጎሕ ሲቀድ አውራ ጣቴን ጉንዳን የነከሰኝ ያህል ተሰማኝ። ወዲያው ያ እሳት ተመልሶ መጣ።

«እማዬ፣ አመመኝ!»

ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«አመመኝ!»

«እስቲ ድገሚው፣ በሞቴ።»

ጮኼ ደገምሁላት። ሐኪሙ መጥቶ በመርፌው ሲነካኝ ጣቶቼ ተሸማቀቁ። «ተርፏል» አለ። እናቴ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈች፤ «ተመስገን» ብላ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ከወደቅሁ ጀምሮ ዐይኗን አልከደነችም ነበር።

ሕመሙ እየባሰ ወደ ጉልበቴ ወጣ። እንዳትነቃብኝ የነጠላዋን ጫፍ ቀስ ብዬ ስቤ በጥርሴ ነከስሁት።