የሰመጠችው የስፌት መኪና

ልጅ ሳለሁ በእሳት ዳር ተረት የሰማሁት መብራት ስለተቆረጠብን ነው። ይህን የምለው፣ ሰዎች «ወይ ያ ምሽት፣ ወይ ያ ፍም፣ ወይ የሽማግሌ ወግ» እያሉ ሲናፍቁ ስለሚያናድደኝ ነው። የእኛ ጭስ ዓይን ያቃጥል ነበር። ያኔ ጦርነቱ ከተማችንን ሐይቅን አልፎ ሄዶ፣ እኛም ከሸሸንበት የአምባሰል ገጠር ተመልሰን፣ በሩ በተገነጠለ ቤት ውስጥ በኩራዝ እናመሽ ነበር፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍራሹም፣ ድስቱም ተወስዷል።

ወግ አዋቂው የአባቴ አባት ነበሩ፤ ሰው አያ ይመር ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ከታንኳ መውደቃቸውንም መረባቸው መቀደዱንም ሳቅ ያደርጉት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ወጋቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ የእማዬ የስፌት መኪና። አባቴ ጅዳ ሠርቶ የገዛላት፣ እሱ ገንዘብ መላክ ሲያቅተው እኛን ያበላችን መኪና ናት። ልንሸሽ ስንል ዘራፊ እንዳያገኛት በላስቲክ ተጠቅልላ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ሰመጠች። ስንመለስ ዝጋ ወጣች፤ መዘውሯም አልዞር አለ።

«ወላሂ እኔ ሞኙ በእጄ አሰመጥኳት» ብለው ይጀምራሉ፣ ጎረቤቶች ፍሙን ከበው ሲቀመጡ። «ዓሣዎቹ ልብስ ሰፊ መጣልን ብለው ተሰለፉ። ቆሮሶው ሱሪ አለ፣ አምባዛው ሸሚዝ አለ። ሰፊዋን ቢጠብቁ ቢጠብቁ ስትቀርባቸው ተናደው ክሩን በሉት።» ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እማዬ ቀና ሳትል ፍሙን ትቆሰቁሳለች።

አንድ ምሽት አልቻልኩም። «አባባ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው? እማዬን ሥራ አስፈትተው ይስቃሉ?» አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። አያቴ ኩራዙን ማስተካከል ያዙ። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ።

እማዬ አፏን የከፈተችው ያኔ ነው።

«እኔ ነኝ ያሰመጥኳት» አለች። «እሳቸውማ ተይ፣ ብረትና ውኃ አይስማሙም ብለውኝ ነበር፤ አልሰማ አልኩ። ስልክ ሲመለስ ለአባትሽም እኔ ነኝ ያጠፋሁት ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«በኔ ቢሳቅ ምን እሆናለሁ?» አሉ አያቴ። «አንቺ ግን ነገ ከነዚሁ ሰዎች ጨርቅ ትቀበያለሽ። መኪናዋን ውኃ ከከተተች ሴት ዘንድ ማን ልብሱን ያመጣል፣ ልጄ?»

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ተናድጄ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

በማግሥቱ ጎረቤቶቹ እየፈሩ መጡ። ወጉን የጀመረችው እማዬ ናት። «ሞኟስ እኔ ነበርኩ» አለች። ዓሣዎቹ ጋ ስትደርስ ራሷ ቀድማ ሳቀች፣ ሰውም ተከትሎ ሳቀ። አያቴ ብቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጥቂት ቆይቶ እማዬ በሰው መኪና መስፋት ጀመረች፤ ያን ሳቅ ባንስቅ ኖሮ ያን ዓመት እንዴት እንወጣው እንደነበር አላውቅም። ዛሬ ግን «የወሎ ሰው መከራውን በሳቅ ያሳልፋል» እያሉ ሲያሞካሹን ደሜ ይፈላል። አንዲት ሴት እንጀራዋን በገዛ እጇ እንድታሰምጥ ማን እንዳደረጋት እስካሁን የጠየቀ የለም። ሳቃችንን ሰምተው ያልተጎዳን መሰላቸው።