የወንዝ ማዶ የምርጫ ክልል

ልጅ ሳለሁ መንደራችን ወንዝ ማዶ ራሱን የቻለ የምርጫ ክልል ነበር። ከላሊበላ ከተማ ጫፍ ወጣ ብሎ ያለው አገራችን የራሱን እንደራሴ መርጦ አዲስ አበባ ይልክ ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም።

አባቶቻችን ከእንደራሴው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድልድይ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ነበር። መስከረም ላይ ውኃው ገና ሙሉ ነው፤ ጎድሎ ስንሻገር ምዝገባው አልቆ ይጠብቀናል።

አንድ ዓመት ሁለት የመንደራችን ሰዎች ለውድድር ቀረቡ፤ አጎቴ ደምሴ በእርፍ ምልክት፣ ጎረቤታችን ወረታው በእንስራ። ሦስተኛው ተወዳዳሪ የከተማ ሰው ነበር፤ እሱን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። እኛ ልጆች ዝናብ የመታው ጋቢያችን እየሸተተ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተከፋፍለን እንሰዳደብ ነበር።

"እንስራችሁ ይሰበር!"

"እርፋችሁን ነቀዝ ይብላው!"

ጠቡ ወደ ትልልቆቹ ተዛመተ። ወረታው የአጎቴን ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፤ ግን ሁለቱ ሰላምታ ተዉ። የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ሽማግሌ ሰብስበው አስቀመጧቸው።

"ለወንበር ብላችሁ አበልጅነት ልታፈርሱ ነው?"

"እርስዎ ያሉት ይሁን አባቴ፤ ከውድድሩ ግን አልወርድም" አለ አጎቴ።

"እሱ ካልወረደ እኔስ ምን በወጣኝ!" አለ ወረታው።

ሽማግሌ እንደለመደው አስማማ። ማንም እንዳያፍር፣ ላይ ሰፈር ለአጎቴ፣ ታች ሰፈር ለወረታው ድምፁን እንዲሰጥ ተፈረደ። ተሳሳሙ፤ ጠላ ተቀዳ፤ እናቴ እልል አለች። ማሳ ሲያካፍል የኖረ ሽማግሌ ድምፃችንንም እንደ ማሳ አካፈለው። በክልላችን ያለው የከተማ ዳር ሰው ግን ድምፁን አልከፈለም፤ ያሸነፈው ወንዛችንን አይቶት የማያውቀው የከተማ ሰው ሆነ።

ድልድዩ አልተሠራም። እኔም ምዝገባው እያመለጠኝ አደግሁ፤ ማንበብ የቻልኩት ብቻዬን ታግዬ ነው። ሁለቱ አበልጆች እስኪሞቱ በፍቅር ኖሩ፤ እርቁ እውነተኛ እንደነበር አልክድም። ግን የአንድን ሰው ፊት ላለማጥቆር ተብሎ የሁሉም ጉዳይ አይቆረስም። ይህን ለልጆቼ ሳልታክት እነግራለሁ።

ኋላ የምርጫ ክልላችን ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቀለ፤ ስሙም ጠፋ። አቤት ያለ አልነበረም። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ልጆቼን ሰብስቤ "እንደ አባቶቻችሁ አትከፋፈሉ፤ አንድ ሰው ላይ ተስማሙ" ብዬ ተቆጣሁ። ታላቂቱ ቀና ብላ፣ "ማን ላይ፣ አባዬ?" አለችኝ።

ያኔ ሁለት ሰው በዝቶብን ተካፈልን፤ ዛሬ የምንጣላበት አንድ የመንደራችን ተወዳዳሪ እንኳን የለንም።